ሰው ሲሞላ የሚከፈት ክትባት

ዛሬ እናቴ እንጅባራ መናኸሪያ ቆማ ለኮሮና ክትባት ሰው ስትጠራ ነበር።

እናቴ አስም አለባት። ቢሆንም "ክትባቱ ሰው ይጨርሳል" እያለች የከተማችንን የጥሊሊን ሰው ስታስፈራራ የከረመችው እሷው ናት። በስንት ልመና እንጅባራ ጤና ጣቢያ አመጣኋት።

ነርሷ ግን "እማማ፣ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ነው። ለእርስዎ ብቻ ብከፍተው የተረፈው ይደፋል። ሰው እስኪሞላ ይጠብቁ" አለቻት። (በሩ ላይ "አትሰብሰቡ" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።)

ብንጠብቅ ማንም አልመጣም። ነርሷ "እንግዲህ ሌላ ቀን" ስትል እናቴ ተናዳ ወደ መናኸሪያው ወጣች።

"ኑ ልጆቼ፣ መድኃኒት ነው፣ ምንም አያደርግም!"

አንድ የጫግኒ ተሳፋሪ "እርስዎ ተከትበዋል?" አላት።

"እናንተን እየጠበቅሁ ነዋ!"

ሰው ሞላና ብልቃጡ ተከፈተ። ነርሷ "እማማ፣ ይቅደሙ" ብትላት፣ እናቴ "ኧረ እንግዶቹ ይቅደሙ!" ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። መጨረሻ ላይ ዐይኗን ጨፍና ተከተበች።

የእናንተን ቤት እምቢተኛ ምን አሳመነው?