ያልወጣው ራጅ

እህቴ እኔን የምትበልጥበት ነገር አለቀ ብዬ ሳስብ በደም ስር በለጠችኝ።

ሁለታችንም ስኳር አለብን። በደርግ ጊዜ ዲላ ገበያ አጠገብ ጎን ለጎን ሱቅ ነበረን፤ እኔ ጨርቅ እሸጣለሁ፣ እሷ ሸቀጣ ሸቀጥ። ታናሼ ናት፤ በሽታው ግን እሷን ቀድሞ ያዛት፣ እናታችንም በዚያው የእሷ ብቻ ሆና ቀረች። እኔን ሲይዘኝ «አይዞሽ፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ» ተባልኩና አለቀ። ጠንካራ! እስቲ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

አንድ ዓመት፣ ቡና ሲለቀም፣ አዲስ ጫማ የእህቴን አውራ ጣት ላጠው፤ ቁስሉም አልድን አለ። እማዬ ራጅ ልታስነሳት ሆስፒታል ስትወስዳት ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው። «የእኔም እግር ይደነዝዛል፤ እኔንም አንሡኝ» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ይደነዝዝ ነበር። ባይደነዝዝም ግን ማለቴ አይቀርም።

ሐኪሙ ለሥራ አዋሳ ሄዷል ተባለ። ራጅ ያነሳን ሰውዬ ሁለቱን ፊልም ሰጠንና «ሐኪሙ ሲመለስ ይዛችሁ ኑ» አለን። እማዬን የት አስችሏት! ገና መንገድ ላይ ወደ ፀሐይ አንጋጣ አየችው። በእህቴ ራጅ ላይ፣ በአጥንቶቹ መሃል፣ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተጠማዝዞ ይወርዳል። «ደም ስሯ ነው! ቁልጭ ብሎ!» አለች። የእኔን አገላብጣ አየችና «ያንቺ አልወጣም» ብላ መለሰችልኝ። ፎቶ ቤት ገብቼ ዓይኔን የጨፈንኩ ይመስል!

ከዚያ ወዲያ ጠያቂ በመጣ ቁጥር የእህቴ ራጅ ከፍራሽ ስር ይወጣል፤ እንግዳው በር ላይ ቆሞ በብርሃን ያየዋል። ከፍስሐ ገነት የመጡት ቡና ነጋዴው አጎታችን እንደ ቡና ናሙና ሲመረምሩት ቆዩና «ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ደም ስር ይዛ እግሯ ምን ይሆናል? ቁስል ነው፣ ይደርቃል» አሉ። የእሳቸውን ቃል ማን ሊያፈርስ? ሐኪሙ ተመልሷል ሲባል እንኳ «ቡናው ይግባ፣ ምን ያስቸኩላል» ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር ራጁን አይቶ ከስብሰባ ነፃ አደረጋት። እኔ በደነዘዘ እግሬ ቆሜ ስፈክር እውላለሁ፣ እሷ ተኝታ ትጠየቃለች። ማሽኑ እንኳ ለእሷ ያዳላል!

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ፊት ለፊት «ታድለሽ!» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ እትዬ፣ በደም ስርም ትቀኛለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሐኪሙ ዘንድ የሄድነው ጣቷ ጠቁሮ መሽተት ሲጀምር ነው። ሁለቱን ራጆች መብራቱ ላይ ሰቀላቸው።

«ይሄ ነጭ መስመር ያለበት የማን ነው?»

እማዬ በኩራት «የታናሿ!» አለች።

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «እማማ፣ ጤነኛ ደም ስር እንዲህ በራጅ አይታይም። ይሄ ስኳሩ ስለቆየባት ነው፤ ደም ስሯ እንደ ኖራ ደርቆ ነው የታየው። ደሙ እንደ ልቡ አያልፍም። ለምን እስከ ዛሬ ቆያችሁ?»

የእማዬ ዓይን ከእህቴ ራጅ ወደ እኔ ራጅ ሄደ፤ እዚያው ቀረ።

አዲስ አበባ ላኳት። እዚያ በራጅ የሚታይ መድኃኒት ደም ስሯ ውስጥ ወግተው እንደገና አነሷት። መድኃኒቱ ከጉልበቷ ትንሽ ወረድ ብሎ ቆመ፣ አልሄድም አለ። እግሯን ከዚያው ላይ ቆረጡት።

ስትመለስ እማዬ ትራሷን እያስተካከለች ሾርባ በማንኪያ ታጠጣት ነበር። እኔ በሩን ተደግፌ አያለሁ። ይግረማችሁና ያኔም ቀናሁ።

«እትዬ፣ እስቲ ያንቺን ራጅ አምጪው» አለችኝ።

አመጣሁላት። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ያዘችው። አጥንት ብቻ ነው። ጣቷን ነጩ ክር ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ አድርጋ እስከ ታች ወረደች፤ ምንም አላገኘችም።

«ታድለሽ» አለችኝ። አልሳቀችም።

እህቴ አንድ ቀን እንኳ እንድትቀናብኝ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኝ ኖሬአለሁ። ይኸው ቀናችብኝ።

«በቃ አምጪው!» ብዬ ራጁን ከእጇ ነጠቅኳት።