ያልፈረምኩበት ሠንጠረዥ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሳሎን ቁጭ ብላ ለቢሮዋ ኤክሴል ላይ ሰዓት ስትሞላ አየሁና፣ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ ሳቀችብኝ። ምን ታድርግ፣ ያኔ የሆነውን አታውቅ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። መቀሌ፣ አንድ ፖሊስ ጣቢያ የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። ኤክሴል የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ክረምት ነው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ቁሓ የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳሩ በለስ በሚልጡ ሴቶች ተሞልቷል። እዚያው ቁሓ አንድ ወርቅ ቤት ተዘረፈና ሃፍቶም የሚባል ባጃጅ ነጂ ተያዘ። የምስክሮቹን ቃል በአንድ ዓምድ፣ ስልኩ በየሰዓቱ የት እንደነበረ የሚያሳየውን የሃፍቶምን የስልክ መዝገብ በሌላው ደረደርኩ። ዝርፊያው 9፡00፤ ስልኩ ቁሓ፣ 9፡00። የጣቢያው አዛዥ፣ ኮማንደሩ፣ «ጎበዝ!» አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት የሃፍቶም እናት ነጠላቸው በካፊያ ርሶ መጡ።

«ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ ሃፍቶም ቁሓ አልነበርኩም አላለም» አሉኝ። «ጥዋት ሦስት ሰዓት ምጥ የያዛትን ጎረቤታችንን ጭኖ ከቁሓ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ መቀሌ፣ ዓይደር ሆስፒታል ከእኔ ጋር ነበር።»

የስልኩን ወረቀት መልሼ አየሁት። የከሰዓት ጥሪዎቹ 14፣ 15 እያሉ ይቀጥላሉ። የፈረንጅ ሰዓት ነው! የምስክሮቹ ዘጠኝ የከሰዓቱ ነው፤ የስልኩ 9፡00 ግን የጠዋቱ ሦስት። ስድስት ሰዓት የሚራራቁትን ያገናኘሁት እኔው ነኝ። አስተካክዬ ስደረድረው፣ በዝርፊያው ሰዓት ስልኩ ዓይደር ነው።

ሮጬ ለኮማንደሩ ነገርኩት፤ እሱ ግን ለበላዮቹ ሪፖርት አድርጎ ጨርሷል።

«የትናንቱን ፈርሚ» አለኝ፣ «ያዘጋጀው ባለሙያ» የሚለውን መስመር በጣቱ እያሳየ። «ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«አልፈርምም።»

«ስህተቱ ያንቺ ነው፤ መሳቂያ ትሆኛለሽ።»

«ልሁን! በእኔ ስህተት ሰው አይታሰርም፣ ኮማንደር።»

አዲሱን አትሜ ፈረምኩበት። ከግርጌው «የፊተኛው ስህተት የእኔ ነው» ብዬ ጻፍኩና በእግሬ ወስጄ ለዐቃቤ ሕጉ ሰጠሁት። ሃፍቶም የዚያኑ ዕለት ተፈታ። እኔ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝና አቧራ የጠገበ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ።

ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል። ደብዳቤው አሁንም ፋይሌ ውስጥ ነው፤ አመልክተሽ አስወጪው ያሉኝ አልጠፉም። ለምን ብዬ? ከዚያ በኋላ ስንት የምስጋና ወረቀት ተጽፎልኛል፤ እንደሱ እውነቱን የተናገረልኝ የለም። «የታዘዘችውን ባለመፈጸሟ» ይላል።

አዎ፣ አልፈጸምኩም።