ታጋሽ ያሉኝ መስሎኝ

መጀመሪያ እምብርቴ ዙሪያ ቆረጠኝ። አትላንታ አጠገብ ኢስት ፖይንት ባለ ሆቴል፣ ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። የበላሁት ነገር ነው ብዬ ናቅሁት። በማግስቱ ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኔ ወረደ። ቀና ብዬ መራመድ ሲያቅተኝ ታክሲ ጠርቼ ሆስፒታል ሄድኩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው፤ ከሱዳን አትላንታ ከገባሁ ገና ስምንት ወሬ። ቅጹ ላይ "ለማን እንደውል?" የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። የሚጻፍ ሰው አልነበረኝም።

ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ኖሮ ኦፕራሲዮን አደረጉኝ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ነርሶቹ ስለ እኔ ሲያወሩ ደጋግመው "ፔሸንት" ይላሉ። መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩና የመጀመሪያውን ትርጉም አየሁ፦ ታጋሽ። ወይ ጉድ! ሰው በሌለኝ አገር እንዲህ ከተመሰገንኩማ እንዴት አሳፍራቸዋለሁ? በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት የሰማሁት ኢዮብ ትዝ አለኝ፤ ሁሉን ዝም ብሎ የቻለው። ከዚያ ወዲያ "ያምሻል?" ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

በአምስተኛው ቀን ተንቀጠቀጥኩ። ሆዴ ተነፋ። "ትኩሳት አለሽ፤ ሆድሽን ያምሻል?" አሉኝ። "ኖ" አልኩ። ጥርሴን ነከስኩ። አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ የተኛችውን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች አበባ ይደረድራሉ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ምሳ የሚያድሉት እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሐበሻ ነበሩ። ፊቴን አይተው "የኔ ልጅ፣ ያምሻል እንዴ?" አሉኝ፣ በአማርኛ። ያኔ ለቅሶዬ ፈነዳ።

"ታጋሽ እያሉኝ እንዴት ልጩህ፣ እትዬ? ፔሸንት ይሉኛል እኮ።"

ክው አሉ። "ኧረ በስመአብ! ፔሸንት በሽተኛ ማለት ነው! እዚህ የተኛው ሁሉ ፔሸንት ነው።" ትሪውን ጥለው ሐኪም ሊጠሩ ሮጡ።

ሆዴ ውስጥ መግል ቋጥሮ ነበር፤ አብሰስ ይሉታል። እንደገና ቀደዱኝ። ስነቃ ሐኪሙ "አንድ ቀን ብትቆዪ አትተርፊም ነበር። ካልነገርሽኝ ምኑን ላክም?" አለኝ።

እየተሻለኝ ሲሄድ እትዬ ዘነበች መጽሐፍ ቅዱስ አመጡልኝና መጽሐፈ ኢዮብን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ሳነብም በራሴ ተናደድኩ። ለካ ሰውዬው ዝም ያለው ሰባት ቀን ብቻ ኖሯል! ከዚያ በኋላ የተወለደበትን ቀን እየረገመ፣ እግዚአብሔርን ራሱን እየሞገተ ምዕራፍ በምዕራፍ ይጮኻል፤ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ቅን ተናገረ ያለውም እሱን እንጂ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው የተከራከሩትን የኢዮብን ወዳጆች አይደለም።

እትዬ ዘነበችን እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ያንን ሐኪምም። አንቺ ዛሬ በሰው አገር አልጋ ላይ ብቻሽን የተኛሽ እህቴ፣ ያመመሽን ተናገሪ። ቋንቋው ካልመጣልሽ በእጅሽ አሳዪ። እሱም ካቃተሽ ጩኺ።

እኔ አሁንም ብቻዬን ነው የምኖረው። ግን ስጸልይ ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርም። ከፍቶኝ እንደሆነ፣ ከፍቶኛል እለዋለሁ።