ሰው ያለው ወንበር

መናኸሪያው ዛሬም ናፍጣና ቅቤ ይሸታል። ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተቀምጫለሁ፤ ወገቤ ዝሏል።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ እዚሁ አባቴን ጠብቄያለሁ። ጎረቤቶቻችን ከከላላ በኩል በቃሬዛ ተሸክመው እያመጡት ነበር፤ ደሴ ሐኪም ቤት ሊገባ። እኔና አክስቴ ቀድመን መጥተን ቦታ ያዝንለት፤ ወንበሩ ላይ ነጠላዬን አነጠፍኩ። አውቶቡሱ ሞላ። ረዳቱ ነጠላውን ሊያነሳ ሲል፣ ከጎኔ የተቀመጡ ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌ እጁን ያዙት።

«ተው ልጄ፣ ወንበሩ ሰው አለው። በሽተኛ ነው። አላህ ያድርሰው በሉ!»

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» አለ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሙቀቱ እየበረታ ሄደ፤ ሕፃናት አለቀሱ፤ ውረዱ ያለን ግን አልነበረም።

ረፋዱ ላይ አንድ ጎረቤታችን ብቻውን መጣ።

«ቃሬዛውን ከመንገድ መለስነው» አለ። አክስቴ ጮኸች። ሽማግሌው ነጠላዬን ከወንበሩ አንስተው፣ ቀስ ብለው አጣጥፈው ሰጡኝ።

«እናቴ፣ ይሄ ሰው አለው?» የዛሬው ረዳት አጠገቤ ቆሟል። ለካ ነጠላዬን ከጎኔ ካለው ወንበር ላይ አንጥፌዋለሁ።

ነጠላዬን አንስቼ ቀስ ብዬ አጣጠፍኩት። «የለውም» አልኩ።