ፎልክስካመርና የወንድሜ ክፍል

አባቴ አስተርጓሚ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ጀርመን ሄዶ ተምሮ ስለመጣ፣ በደርግ ዘመን ከምሥራቅ ጀርመን እንግዳ በመጣ ቁጥር የመንግሥት መኪና ልደታ ድረስ መጥቶ ይወስደው ነበር። ጎረቤት "ትልቅ ሰው" ይለዋል። የምን ትልቅ! ሥራው የሌላ ሰው ቃል መድገም ነው፤ ከራሱ አንዲት ቃል ቢጨምር አለቀለት።

ታላቅ ወንድሜን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሳለ ወሰዱት። የት እንዳለ የሚነግረን ጠፋ። እናቴ በየእስር ቤቱ ምግብ ቋጥራ እየሄደች፣ "እዚህ የለም" ስትባል ይዛው ትመለሳለች። ክፍሉን በየቀኑ ትጠርጋለች፤ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ታጥባለች።

አንድ ጠዋት አባቴ ከረባቱን ሲያስር ፊቱ ቆመች። የዚያን ቀን የሚያስተረጉምለት ባለሥልጣን ስለ እስረኛ ቢጠየቅ መልስ የማያጣ ሰው መሆኑን ሰምታለች።

"ብቻውን ስታገኘው ጠይቀው። ሌላ ምንም አልልህም፤ በሕይወት አለ ወይ በለው።"

"እሺ" አላት።

አመሻሽ ላይ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ "አገኘኸው?" አለችው።

"በሻይ ሰዓት ብቻችንን ቀረን።"

"ጠየቅኸው?"

"ጠየቀኝ" አለ አባቴ። "የጀርመኖቹ ምክር ቤት ፎልክስካመር የተባለው ከምን መጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ።"

ከዚያ፣ ማቆም እንዳቃተው ሰው፣ ለባለሥልጣኑ የነገረውን ሁሉ ለእኛም ነገረን። ፎልክ ሕዝብ ነው፤ በጥንት ጊዜ ግን ጦር የያዘ ጭፍራ ማለትም ነበር። ካመር ክፍል ነው፤ ከላቲን የመጣ፣ ጣሪያው ቅስት የሆነ ክፍል። ኋላ ንጉሥ ንብረቱን የሚያስቀምጥበት ክፍል ሆነ፤ ቆይቶም ውስጡ ተቀምጠው የሚመክሩት ሰዎች ራሳቸው በክፍሉ ስም ተጠሩ። ባለሥልጣኑ ደስ ብሎት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሻዩ አለቀ፣ እንግዶቹም ገቡ።

"ስለ ልጅህስ?" አለች እናቴ።

በሁለት ቋንቋ ሲናገር የኖረ ሰው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ሳይጠይቅ የቀረው ፈርቶ ነው። ዛሬ ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ግን ጠላሁት። እናቴ አልጮኸችም። የወንድሜን ክፍል ከፍታ ገባችና በሩን ዘጋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት የተኛችው እዚያ ነው።

ወንድሜ አልተመለሰም። ከእናቴ ሞት በኋላ አባቴ አረጀ፤ ጀርመንኛውም አማርኛውም ይምታታበት ጀመር። አንድ ቀን "ከረባቴን አምጪልኝ" አለኝ። አሰርኩለት። እጄን ያዝ አድርጎ፣

"ጠይቄዋለሁ አይደል?" አለኝ።

"አዎ አባባ፣ ጠይቀኸዋል።"

ፊቱ ፈካ አለ።

"ታዲያ ምን አለኝ?"