ተጠቅልሎ የከረመው ምንጣፍ

ባሌ ጀምሺድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምንጣፍ እንዴት እንደሚወደድ ግን አያውቅም።

አማቴ እስመት ኻኑም የምንጣፍ ሠሪዎቹ ከተማ የከርማን ልጅ ናቸው። የሳሎናችንን ምንጣፍ በእጃቸው ቋጥረው የሠሩት እናታቸው ነበሩ፤ መሐሉ ትልቅ የአበባ እቅፍ፣ ዙሪያው ሐረግና ጽጌረዳ። በአንዱ ጥግ ያለችው ጽጌረዳ ግን የአማቴ ናት፤ በልጅነታቸው ቋጠሮ የተማሩባት። አንገቷ ትንሽ ጠመም ብሏል። እናታቸው ፈትተው አላስተካከሏትም፤ "የእጅሽ ናት፣ ትቆይ" ብለው ተዉአት። አማቴም ዕድሜያቸውን ሙሉ በባዶ እግራቸው ሲረግጧት ኖረዋል።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ የባዛር ነጋዴ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ "ይሄማ ቅርስ ነው" አለና ሄደ። በማግስቱ ጀምሺድ ምንጣፉን ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አሽጎ፣ ጓዳ አቆመው። ወለሉን የፋብሪካ ምንጣፍ አለበሰው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ፣ ከርማን ውስጥ ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን መርሳቱ ነው፤ የእኛ ምንጣፍ በተረገጠ ቁጥር ያምርበታል። የድሮ ሰዎች አዲሱን ምንጣፍ ባዛር መንገድ ላይ ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን ያስረግጡት ነበር።

በየዓመቱ ለአዲስ ዓመታችን ለኖውሩዝ ቤት ስናጸዳ አማቴ ይለምኑታል፤ አንዴ እንኳ ዘርጋልኝና ጽጌረዳዬን ልርገጣት ይሉታል። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። ለተከበረ እንግዳ ነው ይላል።

"እኔስ ምንድን ነኝ?" አሉት ባለፈው ዓመት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ዘንድሮ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ከነባለቤታቸው ሊመጡ ሆነና የተከበረው እንግዳ ተገኘ። ላስቲኩን ቀደድን። መጀመሪያ የተዘረጋው ደህና ነበር፤ ቀዩም ሰማያዊውም እንደ ጥንቱ። እየዘረጋን ስንሄድ ግን እንደ ዱቄት ያለ ነገር ይረግፍ ጀመር። የውስጠኛውን ጥግ ብል በልቶታል። በጠማማዋ ጽጌረዳ ቦታ የቀረው ነጭ ድርና ማግ ብቻ ነው።

አማቴ ጉልበታቸውን እያመማቸው ቁጭ አሉና ባዶውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"እማዬ፣ ጠጋኝ አለ" አለ ጀምሺድ። "ማንም እንዳያውቅ አድርጎ ይሠራዋል።"

"እኔ አውቃለሁ።"

ደወሉ ሲጮህ ጀምሺድ ደንግጦ መልሶ ሊጠቀልለው ጫፉን ያዘ። አማቴ ከላዩ አልተነሡም።

"ተወው። ምንጣፍን የሚገድለው መረገጥ አይደለም፣ መጠቅለል ነው። ግቡ በላቸው፣ ይርገጡት።"

እንግዶቹ ገቡ፣ ተቀመጡበት፣ አደነቁት። ከዚያ ወዲህ ተጠቅልሎ አያውቅም፤ ልጆቻችን ይንከባለሉበታል፣ እኔም ሻይ ደፍቼበታለሁ። አማቴ ግን ያቺ ጥግ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ዞረው ያልፋሉ።