የወንድሜ አሥር ፍሬዎች

በእናቴ ቤት መቁጠሪያ የሚደገመው ሲመሻሽ ነበር፤ መብራት ይብራ አይብራ ብለን በምንከራከርበት ሰዓት። እኛ ካቶሊኮች መቁጠሪያውን አምስት ቦታ ከፍለን ነው የምንደግመው። በእያንዳንዱ ክፍል አሥር ፍሬ አለ፣ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ አንድ «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» ይባላል። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን። አንደኛውንና ሁለተኛውን ክፍል እናቴ ትመራለች፣ ሦስተኛውና አራተኛው የእኔ ናቸው። አምስተኛው የታናሽ ወንድሜ ነበር። የመጨረሻው የተሰጠው ለክብሩ እንዳይመስላችሁ፤ ሁልጊዜ ስለሚያረፍድ ነው።

«በአምስተኛው ይደርሳል» ትላለች እናቴ። ይደርሳልም። የግቢያችን ቆርቆሮ በር ይንኳኳል፣ ከኳስ ሜዳ የመጣ ላቡን በሸሚዙ እየጠረገ ይገባና ጫማውን ሳያወልቅ ይንበረከካል። አሥሩን ፍሬ በአንድ ትንፋሽ ያንበለብለዋል። እኔ ደሜ ይፈላ ነበር።

«ማርያምን ታክሲ ሊያመልጣት ነው የምታጣድፋት?» እለዋለሁ።

«ዝም በይው፣ መጥቷል አይደል» ትለኛለች እናቴ።

የምንኖረው ሰበታ ነው። አባታችን በወጣትነቱ ከከምባታ በኩል ለፋብሪካ ሥራ መጥቶ እዚያው ቀረ። በሠፈራችን ካቶሊክ ነን ስንል «ጴንጤ ናችሁ?» ይሉናል፤ አይደለንም ስንል «ታዲያ ምንድን ናችሁ?» ይከተላል። ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስመልስ ኖሬ ዛሬም አጭር መልስ የለኝም። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ቡፌያችን ላይ የቆመው የቅዱስ አንጦንዮስ ሐውልት ነበር። ከጀሶ የተሠራ ነው፣ ሕፃኑን ኢየሱስን ታቅፏል፣ በሌላው እጁ ይዞት የነበረው አበባ ስለተሰበረ እናቴ በፕላስቲክ አበባ ተክታለታለች። በሥዕል ፊት የምትጸልየዋ ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ቤታችን በመጣች ቁጥር በጎን ታየዋለች።

«ይሄ ነገር ብቻሽን ስትሆኚ አያስፈራሽም?» አለቻት አንድ ቀን።

«ምን ያስፈራል፣ ሕፃን ታቅፎ» አለች እናቴ።

ቅዱስ አንጦንዮስ የጠፋ ነገር ያስገኛል ብለን እናምናለን። እናቴ ቁልፍ ሲጠፋባት፣ መታወቂያ ሲጠፋባት፣ አንዴም ዶሮ ሲጠፋባት ለምናዋለች። እኔ ተምሬያለሁ ባይ ስለነበርኩ ቡፌውን «የጠፋ ዕቃ ክፍል» እለው ነበር። በየማክሰኞው ደግሞ በእርሱ ስም እዚያው አጠገባችን ባለችው ዓለም ገና መንገድ ዳር ለተቀመጡ ችግረኞች ዳቦ ታድላለች፤ ወንድሜን አምጣ የወለደች ቀን የተሳለችው ስለት ነው፣ ክርስትናውንም በዚሁ ቅዱስ ስም አስነሳችው። የሠፈሩ ባጃጅ ነጂዎች ፌስታሉን ሲያዩ በኦሮምኛ ሰላም እያሏት «አካም ጅርቱ እማማ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው ማለት ነው» ይሏታል። «ፋያ» ብላ ለእነርሱም አንዳንድ ትሰጣለች።

ወንድሜ በሃያ ሁለት ዓመቱ ጫንጮ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወጣ። ከሳምንት በኋላ የደወለው ከናይሮቢ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሞያሌ በኩል ተሻግሮ ወደ ደቡብ አፍሪካ እየሄደ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ከማላውቀው ቁጥር ደወለና «እማዬን አምስተኛውን እየደገምኩ ነው በያት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ።

እናቴ አላበደችም፣ አላለቀሰችም። ቡፌው ፊት ተንበርክካ «ልጄን አግኝልኝ» አለች፤ የማክሰኞውን ዳቦ እጥፍ አደረገችው። ማታ ማታ አምስተኛው ላይ ስንደርስ ቆም ትላለች። በሩን እያዳመጠች እንደሆነ አውቃለሁ። ትንሽ ትጠብቅና እራሷ ቀስ አድርጋ፣ አንዷን ፍሬ ከሌላዋ እየለየች አሥሩን ትጨርሰዋለች።

እኔ ያኔ ቡራዩ አንድ ፋርማሲ ተቀጥሬ እዚያው ቤት ተከራይቼ ነበር፤ በእረፍቴ ቀን ሰበታ እመጣለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ እያስረዳሁ ስልኬ ጮኸ። ከወንድሜ ጋር ከወጡት ከሁለቱ ጓደኞቹ አንዱ ነው። ታንዛኒያ ታስሮ ተፈትቶ አገሩ መግባቱ ነበር። ወንድሜ ጫካ ውስጥ ትኩሳት ይዞት በሦስተኛው ቀን እንደሞተ፣ በእጃቸው ቆፍረው እንደቀበሩት ነገረኝ። ልጁ እያለቀሰ ነው የሚያወራው።

«ሲመሽ ይጸልይ ነበር» አለኝ። «እኔ ጴንጤ ነኝ፣ የእናንተን አላውቀውም። ግን መቁጠሪያው መንገድ ላይ ጠፍቶበት በጣቶቹ ነበር የሚቆጥረው።»

ስልኩን ዘግቼ ለሴትዮዋ «በቀን ሦስቴ» አልኳት። እንዴት እንደቻልኩ ዛሬም አይገባኝም።

እናቴ ያን ሳምንት ከሆስፒታል ወጥታ ነበር። ልቧ ደክሟል፣ ድንጋጤ እንዳይነካት ብለውናል፤ መድኃኒቷን የማመላልሰውም እኔ ነኝ። በአገራችን መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌ ተጠርቶ፣ የእድር ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ ነው የሚረዳው። እኔ ለማንም ሳልነግር ትንሽ ትጠንክር አልኩ። ትንሽ ትጠንክር ያልኩት ፋሲካ ይለፍ ሆነ፣ ፋሲካ ሲያልፍ ክረምቱ ይውጣ ሆነ። መድኃኒት ስለምሸጥ የሰው ልብ ምን ያህል እንደሚችል የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት አለፈ።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሰበታ በሄድኩ ቁጥር አጠገቧ ተንበርክኬያለሁ። አምስተኛው ሲያልቅ «በሄደበት ጠብቅልኝ፣ ከክፉ ሰው ሰውርልኝ» ትላለች፣ እኔ አሜን እላለሁ።  እቤቴ ስመለስ ደግሞ ስለ ወንድሜ ነፍስ አንድ ነገር ለማለት እሞክርና አፌ አልከፈት ይለኛል። እናቱ በሕይወት አለ ብላ የምትጸልይለትን ሰው እንዴት ብዬ ሙት ልበለው?

ቤተ ክርስቲያናችን ጥቅምት መገባደጃ ላይ የሙታን መታሰቢያ ታደርጋለች። ምእመናን የሞቱባቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ጽፈው ሣጥን ውስጥ ይከታሉ፣ ካህኑ በቅዳሴ ላይ እያነበቡ ይጸልዩላቸዋል። ቡራዩ ያለነው ጥቂት ካቶሊኮች የምንሰበሰብበት ትንሽ ጸሎት ቤት ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሣጥን አስቀመጠ። እናቴ ያለችው ሰበታ ነው። እዚህ ማን ያውቀኛል አልኩና ብዕር አነሳሁ። ስሙን ብቻ ጽፌ ልተው ነበር፤ አንጀቴ አልቻለም። ሁለት ዓመት ያልተጠራ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ሰው ሆኖ ይጠራ ብዬ የክርስትና ስሙን ጨምሬ፣ የአባታችንንና የአያታችንን አስከትዬ፣ በደማቁ ጻፍኩት። ወረቀቷን አጥፌ ስከታት ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀለል ያለኝ ያን ቀን ነው።

ያላወቅኩት ነገር ነበር። የቡራዩም የሱሉልታም ሣጥን ተሰብስቦ ወደ ሰበታው አባ ይላካል። ስሙን ሁሉ እሳቸው የሚያነቡት ደግሞ በመታሰቢያው እሑድ፣ ሰበታ፣ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ነው።

ያን እሑድ ከእናቴ ጎን ተቀምጫለሁ። አባ መነጽራቸውን አስተካክለው የሰበታን ስሞች ጨረሱ። የአባቴ ስም ሲጠራ እናቴ አማተበች። የሱሉልታን ጨረሱ። ከዚያ «ከቡራዩ» አሉና ሌላ ወረቀት ገለጡ።  ልሳል? ልውደቅ? አግዳሚውን ልገልብጠው? አንዱንም አላደረግኩም። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ተራ የወንድሜ ስም እስከ አያቱ ድረስ ጥርት ብሎ ተነበበ።

የእናቴ ጣቶች መቁጠሪያው ላይ ቆሙ። ወደ እኔ አልዞረችም። እኛ ዘንድ ሴት የልጇን ሞት ስትሰማ ትጮሃለች፣ ደረቷን ትደቃለች፣ ማንም ተይ አይላትም። እሷ ግን ዝርዝሩ እስኪያልቅ ጠበቀች። አባ «አቤቱ የዘላለም ዕረፍት ስጣቸው» ሲሉ ከሕዝቡ ሁሉ ቀድማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «የዘላለም ብርሃንም ያብራላቸው» አለች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ዘንበል አለች።

ደግፌ አወጣኋትና አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። የልብ ምቷን ልይ ብዬ እጇን ስይዝ መነጨቀችኝ።

«መቼ ነው?»

«ሁለት ዓመት አልፎታል፣ እማዬ።»

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ለምን ደበቅሽኝ ትለኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ልብሽ፣ ሐኪሙ፣ ድንጋጤው። እሱን አልጠየቀችኝም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱን ጠብቅለት ስል ኖርኩ» አለች። «መንገድ የለውም። ዕረፍት ስጠው ያለለት ሰው የለም። እናቴ ረሳችኝ ቢልስ?»

አባ ቅዳሴውን ጨርሰው መጥተው ነበርና አጠገቧ ተቀመጡ። «እግዚአብሔር አድራሻ አይሳሳትም፣ የጸለዩት ሁሉ ደርሶታል» አሏት።

«እሱስ አይሳሳትም፣ አባ» አለች። «ልጅቷ ግን አሳስታኛለች።»

እኔ ጸሎት ማለት የሚጸልየውን ሰው የሚያጽናና ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ለእናቴ እንደ አንድ ተጨማሪ ክኒን። ለእሷ ግን ለታሰረ ሰው እንደሚመላለስ ስንቅ ነበር። ካቶሊክ ሆኜ አድጌ፣ የሞቱት ነፍሳት እስኪነጹ የእኛን ጸሎት ይጠብቃሉ ሲባል በልጅነቴ ተምሬ፣ ለካ ቃሉን እንጂ ነገሩን አልያዝኩትም። እኔ ስለ ልቧ ስጠበብ ልጇን ጦም አሳድሬባታለሁ። ዛሬ ሰዎች ቅዱሳንና መቁጠሪያ ለዚህ ዘመን ምን ይፈይዳሉ ብለው ሲከራከሩ ስሰማ አፌን እይዛለሁ፤ እኔም እንደነሱ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።

ድንኳን ተተከለ። የእድሩ ሰው መጣ፣ ሙስሊሙ ባለሱቅ ጎረቤታችን ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልጠፋም፣ ሐውልቱን በጎን የምታየዋ ጎረቤታችን እናቴን አቅፋ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን እንግዳው ሲቀንስ እናቴ ቡፌው ላይ ያለውን አንጦንዮስን ረጅም ጊዜ አየችው።

«አግኝልኝ ነበር ያልኩት» አለች። «አገኘልኝ። በሕይወት ማለትን ነው የረሳሁት።» ስቃ ነው ያለችው፣ እንባዋም እየወረደ ነው። እኔ አልቻልኩም፣ ወጣሁ።

ዳቦውን አላቋረጠችም። ማታ አምስተኛው ላይ ስንደርስ ግን በሩን ማዳመጥ ትታ ወደ እኔ ትዞራለች። «የሱን አንቺ በይለት፣ ያንቺ ዕዳ ነው» ትላለች። እላለሁ። በጣቶቼ እየቆጠርኩ እላለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ። አንድ ቀን መድኃኒቷን ስሰጣት ብቻ፣ ውኃውን ጠጥታ ብርጭቆውን እየመለሰችልኝ፣ «የኔን እንዳታቆዪው» አለችኝ። ብርጭቆውን ተቀብዬ «እሺ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ኖረች። ያረፈችው በግንቦት፣ ረቡዕ ማለዳ፣ እጄ ላይ ነው። እድሩን ከመጥራቴ በፊት፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ ከመድኃኒቷ ካርቶን ላይ ቀድጄ ስሟን እስከ አያቷ ጻፍኩና ወደ አባ ቤት ሮጥኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ ሁኔታዬን አይተው ገባቸው። አቅፈው አጽናኑኝ። ካርቶኑን ስዘረጋላቸው ግን ግራ ተጋቡ።

«ልጄ፣ የሙታን ሣጥን እኮ የሚከፈተው በጥቅምት ነው፣ ገና አምስት ወር አለው» አሉኝ። «ለዚያ ይደርሳል፣ ይቆይ።»

«አይቆይም አባ» አልኳቸው። «አሁን ይጠራ።»

 ከዚያ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ስሟን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከሥሩ የወንድሜንም ጽፌ ነበር፤ እሱንም አነበቡት።